ስድስት ሊትር የሚመዝነው ልጅ

ሚዛኑን ያበላሸው በሬ ነው። በሬው እንኳ ምንም አላደረገም፤ ታርዶ ነበር። ወረዳችን ራሱን የቻለ ወረዳ በሆነበት ሰሞን አዲሶቹ ሹሞች ለበዓል ቅርጫ ገቡና፣ ሥጋውን እኩል የሚያካፍልላቸው ሚዛን ቢያጡ ከጤና ጣቢያችን የሕፃናቱን ሚዛን ተዋሱ። ያ ሚዛን ከዛፍ ላይ ተሰቅሎ ሕፃን በማንገቻ የሚንጠለጠልበት፣ ክብ ፊት ያለው፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ኪሎ የሚችል ዕቃ ነው። እነሱ የበሬ ታፋ ሰቀሉበት። ሲመለስልን መርፌው አሥራ አራት ላይ ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲያም ሐሳቡን አልለወጠም። የሦስት ወር ሕፃን ስንሰቅልበት አሥራ አራት ኪሎ። ምንም ሳንሰቅልበት አሥራ አራት ኪሎ። ሹሞቹ ግን በቅርጫው ተደስተው ነበር፤ ለሁሉም አሥራ አራት አሥራ አራት ኪሎ ደርሷቸዋል።

እኔ ያኔ የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። የዚያው የመተከል ልጅ ነኝ፤ ቤታችን የሚነገረው ሺናሻኛ ነው፣ በትምህርት ቤትና በቤተ ክርስቲያን ደግሞ አማርኛ። የተመደብኩበት ጣቢያ ግን ከግልገል በለስ ወዲያ፣ ከመኪናው መንገድ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ፣ በጉሙዝ መንደሮች መሃል ነበር። ጉሙዝኛዬ ከሰላምታና «የት ጋ ነው የሚያምህ» አያልፍም። የቀረውን የሚተረጉሙልኝ የጣቢያው ዘበኛ ነበሩ፤ ራሳቸው ጉሙዝ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክሉ፣ ከበሩ ይልቅ የእኔን ሥራ የሚጠብቁ ሰው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ሲስተር ይሉኛል፤ አማርኛቸው ግን ወንድና ሴት ስለማይለይ «ሲስተር፣ ቶሎ ና» ነበር የሚሉኝ። እኔም ቶሎ እሄድ ነበር።

ክልሉም እንደ እኔ ጀማሪ ነበር። ማኅተሙ አዲስ፣ ሹሙ አዲስ፣ የቢሮው በር ቀለም ገና ልብስ ላይ የሚቀር። ዋና ከተማችሁ አሶሳ ነው ተባልን፤ እሰይ አልን። በጣቢያችን አካባቢ አሶሳን ያየ ሰው አልነበረም። ዓባይ በመሃል አለ፣ በእኛ በኩል ደግሞ ያኔ ድልድይ የለውም። ስለዚህ ከእኛ የተነሳ ደብዳቤ ዋና ከተማው ለመድረስ መጀመሪያ ከክልሉ ይወጣል፣ የሰው ክልል ያቋርጣል፣ አዲስ አበባ ያድራል፣ ከዚያ በወለጋ ዞሮ ተመልሶ ወደ ገዛ ክልላችን ይገባል። ሰው ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ዘመድ ጠይቆ፣ ሰርግ በልቶ ነበር የሚደርሰው።

በዚህ መንገድ ሚዛን እንዲላክልን ጻፍን። ከሁለት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ «የተጠየቀው ሚዛን ለምን አገልግሎት እንደሚውል ተብራርቶ ይቅረብ» ይላል። ደም ሥሬ ተገታተረ። ወረቀት ስቤ «ለመመዘን» ብዬ ጻፍኩ። የጣቢያው ኃላፊ አየና ቀደደው፤ በምትኩ አንድ ገጽ ሙሉ አክብሮት ያለበት ሌላ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ እሱ ራሱ ለአሥር ቀን ስብሰባ አሶሳ ተጠራ። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ አሁንም እየተሰበሰበ ነበር። ጣቢያው ለእኔና ለዘበኛው ቀረ።

ሴትየዋ የመጣችው በዚህ መሃል ነው፤ ማክሰኞ ቀን፣ ሕፃናት በምናይበት። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትርቅም። ልጇ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወንድ ልጅ ነው። ወባ ታሞ ድኗል፤ ከወባው በኋላ ተቅማጥ ያዘው፤ ተቅማጡም ቆመ፤ ምግብ ግን እምቢ አለ። የጭኑ ቆዳ የሌላ ሰው ሱሪ የለበሰ ይመስል ተንጠልጥሏል። ጨርቁን ስገልጥ፣ እጁን ስይዘው፣ አፉን ስከፍተው ዝም ብሎ ነው የሚያየኝ።

ማድረግ ያለብኝ ግልጽ ነበር። እመዝነዋለሁ፣ እናትየዋን ገንፎ እንዴት አድርጋ እንደምታበላው አስተምራለሁ፣ በየሳምንቱ ደግሜ እመዝነዋለሁ። ከጨመረ እሰየው። ካልጨመረ ሆስፒታል፤ እዚያ ካልደረሰ ይሞታል። ሆስፒታሉ ደግሞ ሦስት ሰዓት በእግር፣ ከዚያ መኪና ከተገኘ ግማሽ ቀን ነው። ይህን በጋሼ በኩል ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። ከመንደሯ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ እዚያ ሄዳ ባዶ እጇን ተመልሳለች። ማሽላዋ አረም ላይ ነው፤ ቤት ሌሎች ሁለት ልጆች አሉ። ለጋሼ ረጅም ነገር ተናገረችና ወደ እኔ ዞራ፣ በደንብ እንዲገባኝ፣ በአማርኛ «ሆስፒታል እምቢ» አለች። እኔም «ከጨመረ አንሄድም፤ ካልጨመረ እንሄዳለን» አልኳት። በዚህ ተስማማን።

ግን በምን ልመዝነው? ካርዱ ላይ በዓይኔ ገምቼ ሰባት ኪሎ ብዬ ጻፍኩና መልሼ ሰረዝኩት። በዓይን ግምት ሁለት መቶ ግራም መጨመሩን የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ቦታዬን ይውሰድ። እንዲሁ ስበሳጭ ቆይቼ ዓይኔ ሸክሟ ላይ አረፈ።

የጉሙዝ ሴቶች ሸክም የሚሸከሙት በዘንግ ነው። ዘንጉን ትከሻቸው ላይ ያጋድማሉ፣ ከጫፍና ከጫፍ ሸክሙን ያንጠለጥላሉ፤ ሁለቱ ጎን እኩል ካልሆነ አይኬድም። በአንድ በኩል ብቻ ሸክም ካለ በሌላው በኩል ድንጋይ ይታሰራል። ይቺም የመጣችው በአንዱ ጫፍ ልጇን በቅርጫት፣ በሌላው ጫፍ ውኃ የያዘ ቅል አንጠልጥላ ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ስትመጣ ዘንጉ ትከሻዋ ላይ ቀጥ ብሎ ነበር። ልጁ ከውኃው ጋር እኩል ነው ማለት ነው።

ያን ጊዜ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህሬ ትዝ አሉኝ። አርጩሜያቸውን ጠረጴዛ ላይ እየመቱ «አንድ ሊትር ውኃ?» ይሉናል። «አንድ ኪሎ!» እንላለን። «አንድ ሚሊ ሊትር?» «አንድ ግራም!» «አንድ ሜትር ኩብ?» «አንድ ቶን!» ከዚያ ድንገት «አንድ ሊትር ዘይት?» ይላሉ፤ «አንድ ኪ...» ብሎ የጀመረ አርጩሜውን ይቀምሳል፤ እኩልነቱ ለውኃ ብቻ ነዋ። እኔ ያኔ ይህ ነገር ምን ይጠቅመኛል እል ነበር። ሚዛን ባለበት አገር የውኃን ክብደት በቃል መያዝ ትርፍ ድካም ነበር የመሰለኝ።

ባዶ የግሉኮስ ጠርሙስ ነበረን፤ ጎኑ ላይ እስከ አንድ ሺህ ሚሊ ሊትር መስመር ያለው። ጄሪካንም አለን። ዘንጓን መሃሉ ላይ በገመድ አስረን ከማንጎው ዛፍ ላይ ሰቀልነው። መሃሉን ያገኘችው ራሷ ናት፤ ጣቷ ላይ አጋድማ ወዲያ ወዲህ ስታደርገው ቆየችና «እዚህ» አለች። በአንዱ ጫፍ ባዶ ቅርጫት፣ በሌላው ባዶ ጄሪካን አንጠለጠልን፤ እኩል እስኪሆኑ በቀለለው በኩል ጠጠር ጨመርን። ከዚያ ልጁን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥነው። ቅርጫቱ ወረደ። በጠርሙሱ እየለካሁ ጄሪካኑ ውስጥ ውኃ ገለበጥኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አምስተኛው ላይ ዘንጉ መነቃነቅ ጀመረ። ስድስተኛው ሲያልቅ ቀጥ አለ።

«ስድስት ሊትር» አሉ ጋሼ።

«ስድስት ኪሎ» አልኩ።

«ምኑ ነው ልዩነቱ?» አሉ።

«ምንም የለውም ጋሼ፤ እሱ እኮ ነው ነገሩ።»

አልዋሽም፤ ራሴን ወደድኩት። ያለ አሶሳ ፈቃድ ልጅ መዘንኩ። ጋሼም ነገሩ አናታቸው ላይ ወጣ። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ምሥጢር ተደብቆባቸው የኖረ ያህል ተሰማቸው። ከሰዓት በኋላ መጥተው የጣቢያው በርሜል ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠየቁኝ። ሁለት መቶ አልኳቸው። «ሁለት ኩንታል!» አሉና ተቀመጡ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሁለት ኩንታል ስሞላ ኖሬ ደሞዜ ይህ ነው?» በማግስቱ ደግሞ በለስ ወንዝ ስንት ኩንታል እንደሆነ ጠየቁኝ። «ኧረ ተዉኝ ጋሼ» አልኳቸው።

በሳምንቱ ሴትየዋ መጣች። ሰቀልነው። ስድስት ሊትር። አንዲት ጠብታ አልጨመረም፤ ስላልቀነሰም አንድ ሳምንት ልታገሥ አልኩ። ገንፎውን ሰጥተሽዋል ወይ ብላት ይተፋዋል አለች። ጥቂት ጥቂት አድርገሽ፣ ለውዝ ወቅጠሽ ጨምረሽበት፣ በቀን አምስት ጊዜ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ግን ዓይኗ ዘንጉ ላይ ነበር። ስለ ገንፎ ስናገር አትሰማኝም፤ ልቧ ያለው ሆስፒታሉ ላይ ነው። ያዘንኩላትን ያህል ተናደድኩባት።

ለማስረዳት ፈለግሁ። ሁለት መቶ ግራም ብላት ምን ታውቀዋለች? እኔ ራሴ ሁለት መቶ ግራም የልጅ ሥጋ ምን እንደሚያህል አላውቅም። ስለዚህ ጣሳ አመጣሁና በጠርሙሱ ለክቼ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ውኃ ቀዳሁበት፤ ውኃው የደረሰበት ላይ በምስማር ጫርኩ። «አየሽ? ልጅሽ የሚጎድለው ይህን ያህል ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ይህን ያህል ከጨመረ ሆስፒታል የለም።» ጋሼ ተረጎሙ። ትርጉማቸው ልክ ነበር፤ በኋላ ደጋግሜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ምንም አልጨመሩ፣ ምንም አልቀነሱ። እሷም ጣሳውን ተቀብላ ውኃውን ብዙ ጊዜ አየችው። መስመሩን በጣቷ ዳሰሰችው። ይዤው ልሂድ ወይ አለች። ውሰጂው፣ እንዳትረሺው ቤትሽ አስቀምጪው አልኳት።

ያን ቀን ማታ ስለ ራሴ ጥሩ ጥሩ ነገር እያሰብኩ ተኛሁ። እንዲህ ነው ማስተማር፣ ሰው በሚያየውና በሚነካው ነገር ነው ማስረዳት አልኩ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ መሃል እንዲህ አድርጎ የሚያስረዳ አንድ እንኳ ፈልጌ አጣሁ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ስድስት ሊትር ገልብጬ ቅርጫቱ አሁንም ዝቅ እንዳለ ቀረ። በጠርሙሱ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩ። መቶ። መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ ላይ ቀጥ አለ። «እሰይ! እሰይ የኔ አንበሳ!» ብዬ አጨበጨብኩ። ጋሼም «ስድስት ከሁለት መቶ!» ብለው ለወረፋ ለተቀመጡት ሴቶች አወጁ። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው። «ሆስፒታል የለም?» አለችኝ። «የለም!» አልኳት አፌን ሞልቼ። «ለሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ይህን ያህል» ብዬ ጣሳዋን አሳየኋት። ሁለት ጣቷን አወጣች። «አዎ፣ ሁለት» አልኳት።

ልጁን ግን አላየሁትም። ማለቴ፣ ዓይኔ ሥር ነበር፤ እኔ የማየው ግን ዘንጉን ነበር። ያኔ ቀና ብዬ ፊቱን ብመለከተው ኖሮ ጉንጩ ይበልጥ እንደጎደጎደ አየው ነበር። ማን ጉንጭ ያያል? ካርዱ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ወጥቷል። እኔ እንዲያውም ለአሶሳ ሪፖርት መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ «በአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ ሚዛን ሠርተን አመርቂ ውጤት አግኝተናል» የሚል። አመርቂ የሚለውን ቃል ስጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

አራተኛው ማክሰኞ መጣ። ሴትየዋ ቀደም ብላ ደርሳ ከማንጎው ሥር ተቀምጣ ጠበቀችን። ልጁን ስታቀብለኝ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ጠገበ ማለት ነው አልኩ ለራሴ፤ እንዲያውም በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጥነው። ስድስት ሊትር፣ ከዚያ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ። ዘንጉ ቀጥ አለ። ጋሼ «ስድስት ከሦስት መቶ!» ሊሉ አፋቸውን እንደከፈቱ ልጁ አንድ ጊዜ ሳል አደረገው። ከዚያ አስመለሰው።

የወጣው ውኃ ነው። ገንፎ የለበትም፣ ወተት የለበትም፤ መስተዋት የመሰለ ንጹሕ ውኃ ነው። ደጋግሞ አስመለሰው፤ በቅርጫቱ ቀዳዳ እየተንቆረቆረ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሲፈስ ቅርጫቱ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፣ ጄሪካኑ ወረደ። ሁላችንም ቆመን አየነው።

ልጁን አውጥቼ አፉን ጠረግኩት፣ መልሼ አስገባሁት፤ ከጄሪካኑ ውኃ በጠርሙሱ ቀነስኩ። ግማሽ ሊትር ስቀንስ ዘንጉ ቀጥ አለ። አምስት ሊትር ከስምንት መቶ። ግማሽ ሊትር ውኃ መሬቱ ጠጥቶታል፤ የቀረው ልጁ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ሁለት መቶ ግራም ቀንሷል።

«ምን ሰጠሽው?» አልኳት።

ጣሳዋን ከቅርጫቱ አጠገብ አንስታ አሳየችኝ። ጣቷ ምስማሩ የጫረው መስመር ላይ ነው። «ውኃ» አለች። «አንተ ያልከው። ሁለት።» ከዚያ ለጋሼ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። በየቀኑ ጠዋት ከገንፎው በፊት እስከ መስመሩ ሞልታ ታጠጣዋለች፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሁለት ጊዜ። ገንፎውን ከዚያ በኋላ አይፈልግም። ዛሬ ደግሞ እንዳይጎድል ፈርታ ወንዙ ዳር ቁጭ ብላ በጣቷ ጠብ ጠብ እያደረገች ትንሽ ጨምራበታለች። ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አለች?» አልኩ፤ ገብቶኝ ነበር።

«የጎደለውን ሞላሁለት ነው የምትለው» አሉ።

ጮኽኩባት። አበድሽ እንዴ አልኳት፣ ልጅሽን ልትገዪው ነው ወይ አልኳት፣ ሌላም አልኩ፤ አማርኛው ባይገባትም ድምፄ ገብቷታል። ወረፋ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። እሷ አላለቀሰችም። ጣሳውን ወደ እኔ ዘርግታ፣ መስመሩ ላይ ያለውን ጣቷን ሳታነሳ ቆመች። ያን ጊዜ ነው ጩኸቴን ያቆምኩት። መስመሩን የጫርኩት እኔ ነኝ። ይህ ይጎድለዋል ያልኩት እኔ ነኝ። ውኃ ቀድቼ ይህ ነው የልጅሽ ጉድለት ስላት፣ ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት እንደምታጠጣ አጠጣችው። ሌላ ምን ታድርግ?

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በሏት» አልኩ።

«ልበል?» አሉ። «ነገ ሌሎቹም አይመጡም እኮ።»

«በሏት።»

ነገሯት። ብዙም አልወሰደባቸውም። እሷ እኔን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ቅርጫቱን ከዘንጉ ፈታች። «ሆስፒታል» አለች። እምቢ የሚለውን ተወችው።

ጋሼ ጣቢያውን ሊጠብቁ ቀሩ፤ እኔና እሷ ወጣን። ልጁን እኔ ልያዝ ብላት አልሰጠችኝም፤ እኔም እሷን ሆኜ ቢሆን አልሰጥም ነበር። ሦስቱን ሰዓት ከፊት ከፊቴ ሄደች። ዋናው መንገድ ላይ ሰሊጥ የጫነ መኪና አግኝተን ጆንያው ላይ ወጣን። መንገዱን ሁሉ ልጁ ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት ጨርቁን እገልጣለሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ ስገልጥ እጄን መታችው። ልክ ነበረች።

ሆስፒታል ስንደርስ የሕፃናት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጠና ያሉ ሲስተር፣ ተቀበሉን። ልጁን እውነተኛ ሚዛን ላይ አስቀመጡት። አምስት ነጥብ ስምንት። ልኬታችን ልክ ነበር ማለት ነው፤ መምህሬ ቢያዩ ይኮሩብኝ ነበር። ሲስተሯ የልጁን ቆዳ ቆንጥጠው አዩና ሆዱን ደባበሱት። «ምን ስትሰጡት ነው የከረማችሁት?» አሉ።

«ከምግብ በፊት ውኃ ይሰጠው ነበር» አልኩ። ይሰጠው ነበር። ማን እንደሰጠው፣ ማን እንዳዘዘ የሌለበት ንጹሕ አማርኛ ነው።

ሲስተሯ ወደ እናትየዋ ዞሩ። «ሆዱን በውኃ ሞልተሽ በምን በኩል ይብላ? ማነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

ሴትየዋ አየችኝ። ነጭ ጋወኔን እንደለበስኩ ነበር። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ይህን ለመረዳት ግን ይበቃል። እኔም አየኋት። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው፤ አፌም ተከፍቶ ነበር።

«ማንም» አለች። «እኔ።»

ሲስተሯ ወረዱባት። በሕሙማኑ ፊት፣ አልጋ የሚያነጥፈው ሰው ሳይቀር ሥራውን አቁሞ እያየ፣ አንድም ሳያስቀሩ ሰደቧት። እሷ ወለሉን እያየች ሁሉንም ተቀበለች። ሲጨርሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንቺ ባትደርሺለት አልቆለት ነበር። ጎበዝ» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ» አልኩ።

አፈርኩ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አጥፍቻለሁ፤ ያንን አመሰግናለሁ የሚያህል ግን የለኝም።

ማምሻውን ልጁ በቱቦ ወተት ሲጀመርለት በረንዳው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለምን እንዲያ አልሽ አልኳት። መጀመሪያ ያልገባት መሰለኝ፤ ቃላት እየፈለገች ነበር። «አንተን ካባረረ» አለች፣ «እዛ ማን አለ?» እጇን ወደ መጣንበት ዘረጋችው። «ልጅ ታመመ፣ ማን አለ?» ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ያሰበችው ቤት ስላሉት ሁለቱ ልጆቿና ስለ መንደሯ ነው። ጥሩም ሆንኩ መጥፎ፣ እዚያ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገ ለሲስተሯ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በነጋታው ሥራ በዝቶባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ እኔ ወደ ጣቢያው መመለስ ነበረብኝ።

ልጁ ዳነ። ይህን ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ አንባቢን ማንጠልጠል አልወድም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ላመጣቸው ስሄድ የጎረቤት አልጋውን ልጅ ብስኩት ቀምቶ እየበላ ደረስኩ፤ እናትየዋ ልታስጥለው ስትታገል እሱ እየጮኸ አፉ ውስጥ ይጠቀጥቃል። እንባዬ መጣ። ብስኩቱ ለተወሰደበት ልጅ ያዘነ አልነበረም።

ሲስተሯ የመውጫውን ወረቀት ሰጡኝ። ክብደት፣ ሰባት ኪሎ ከመቶ ግራም። ከሥሩ የሕመሙ ምክንያት በሚለው መስመር፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት፣ «እናትየዋ ባለማወቅ ለልጁ ከምግብ በፊት ብዙ ውኃ ስለሰጠች» ይላል። ከታች የላኪው ጤና ባለሙያ ስምና ፊርማ የሚል ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።

ሴትየዋ ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ቆማ ነበር። ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ሰባት ኪሎ ከመቶ» አልኳት።

ሳቀች፤ ልጁን ወደ ላይ አንስታ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን እንደገና አየችና «ሌላ?» አለች።

«ሌላ የለም» አልኳት። ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ቀኑንም አስገባሁ።